ስልክ፣ ቴሌቪዥንና የልጆች እንቅልፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ወላጆች፣ መምህራንና ራሳቸው ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ዓመቶቹ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ ለስንት ሰዓት ያህል መተኛት አለበት?

እንደ ዕድሜው ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ከ11 እስከ 14፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ይህን ቁጥር ከመነሻው ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማየት ይጠቅማል። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በር የሚደርስበት የ10 ዓመት ልጅ 12 ሰዓት መነሳት አለበት። ዝቅተኛውን 9 ሰዓት እንኳ ለመሙላት ከምሽቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ ወስዶት መገኘት ይኖርበታል። የሚቆጠረው ዓይኑ የተከደነበት ሰዓት እንጂ «ተኛ» የተባለበት አይደለም። በብዙ ቤት ግን የ2 ሰዓቱ ዜና አልቆ ድራማው የሚቀጥለው፣ አንዳንዴም እራት የሚቀርበው በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልክን ከመክሰስ በፊት የቤቱ የራሱ ምሽት ከልጁ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚወስድ ማስላት ተገቢ ነው።

ስክሪን እንቅልፍ የሚያጠፋው በሰማያዊ ብርሃኑ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው፤ ከሚገባው በላይ ግን ተወርቶለታል።

በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀን ይሁን ሌሊት ለአንጎል ለመንገር የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከሌላው ብርሃን ይልቅ ለሰማያዊው ይነቃሉ። ብርሃን ሲደርሳቸው «ገና ቀን ነው» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል፤ የምሽት መድረሱን ለሰውነት የሚያበስረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም ሳይመነጭ ይዘገያል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ የስልክ ብርሃን ምን ያህል ይበቃል የሚለው ላይ ነው። ቦስተን ውስጥ የተካሄደና በ2015 የታተመ ታዋቂ ሙከራ አለ። 12 ጎልማሶች ለአምስት ምሽት፣ በየምሽቱ አራት አራት ሰዓት፣ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ ከፍ ካለ ታብሌት መጽሐፍ አነበቡ፤ በሌሎች አምስት ምሽቶች ደግሞ ከወረቀት አነበቡ። ከታብሌቱ ሲያነቡ ሜላቶኒናቸው በግማሽ ያህል ቀነሰ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ግን ወደ 10 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሌሊት እስከ 7 ሰዓት የሚያፈጥበትን ምክንያት በ10 ደቂቃ ማስረዳት አይቻልም።

ትንንሽ ልጆች ጋ ሲደርስ ነገሩ ይለያል። የዓይናቸው ብሌን ሰፊ፣ ሌንሱም የጠራ ስለሆነ ብርሃን በብዛት ይገባል። በ2018 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ከመኝታቸው በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ያለው ጠረጴዛ ላይ አጫወቷቸው። ሜላቶኒናቸው በአማካይ በ88 በመቶ ወረደ፤ ብርሃኑ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም አብዛኞቹ ላይ አላገገመም። የዚያ ጠረጴዛ ብርሃን ከስልክ ብርሃን እጅግ የበረታ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሆኖም ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ያለውን ነጭ አምፖልም ማጥፋት ወይም በደብዛዛ መተካት ያስኬዳል።

ታዲያ ዋናው ጥፋት ምንድን ነው?

ሰዓቱን መብላቱ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ቴሌቪዥን ቢያንስ ፕሮግራሙ ያልቅ ነበር። የቲክቶክ ቪዲዮ አያልቅም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ራሱ ይመጣል፤ መቆሚያውን መወሰን ያለበትም በዚያ ሰዓት ራሱን የመግዛት አቅሙ የደከመው ልጅ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ረክሶ መሸጡም በእኛ አገር ነገሩን ያባብሰዋል። የኪስ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚኖር ተማሪ በርካሹ ሰዓት ፊልም ለማውረድ ነቅቶ ቢያድር ሒሳቡን አውቆ ነው፤ ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው የይዘቱ ጉዳይ ነው። የኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ምሽቱን እንዴት እንደሚያሳልፉ በቃል ከመጠየቅ ይልቅ በካሜራ ቀርጸው ተመለከቱ። ውጤቱ በ2024 ታተመ። ልጆቹ አልጋ ላይ ሳይወጡ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ስክሪን ማየታቸው በጠቅላላ እንቅልፋቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር። አልጋ ውስጥ ከገቡ በኋላ የተመለከቱት ግን እንቅልፋቸውን አዘገየ፣ አሳጠረም። ከሁሉ የከፋው ጌም መጫወትና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ፣ ለምሳሌ ፊልም እያዩ መጻጻፍ፣ ሆኖ ተገኘ።

በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የእንቅልፍ ፋውንዴሽን የሰበሰባቸው ባለሙያዎችም ስክሪንና በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር የልጆችንና የወጣቶችን እንቅልፍ እንደሚጎዱ ተስማምተዋል። በብርሃኑ ላይ ግን ያን ያህል አልተስማሙም። ለእኔ አንድ ሕግ ብቻ አውጣ ብባል «ስልክ አልጋ ውስጥ አይገባም» የሚለውን እመርጣለሁ።

ልጄ ስልኩን ትራሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል እንጂ አይነካውም። ይህም ችግር አለው?

በ2016 ለንደን በሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች መሪነት 20 ጥናቶች ተሰብስበው ተመረመሩ፤ ከ125,000 በላይ ልጆች የተካተቱበት ነው። በመኝታ ሰዓት መሣሪያ የሚጠቀሙ ልጆች በቂ እንቅልፍ የማጣት ዕድላቸው ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ነበር። አስገራሚው መሣሪያው በክፍላቸው እያለ የማይጠቀሙትም ልጆች እንቅልፍ የማጠር ዕድላቸው ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ድምፁ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ባይጮህም «ማን ጻፈልኝ ይሆን» የሚለው ሐሳብ አያስተኛም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ መጠይቅ ናቸው። ስልክ አልጋ ላይ የሚፈቅድ ቤት በሌላውም ልል ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ አልመጣ ያለው ልጅም ነው ስልክ የሚያነሣው፤ ስለዚህ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ ሁልጊዜ አይለይም። የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ይህን በከፊል ይመልሳል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ከመኝታቸው አንድ ሰዓት በፊት ስልካቸውን እንዲያስቀምጡ ተደረገ። መብራት የሚያጠፉት 17 ደቂቃ ቀድመው ሆነ፤ በየሌሊቱም 21 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ተኙ። በአምስት የትምህርት ቀን ሲደመር ከአንድ ሰዓት ተኩል ይበልጣል። በሙከራው እንዲሳተፉ ከተጠየቁት መካከል እሺ ያሉት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑም አልጋውም እዚያው ነው። «ከመኝታ ክፍል አውጡ» የሚለው ምክር ለእኛ ምን ይረባል?

እንደተጻፈው ብዙም አይረባም። ምክሩ የተጻፈው ሳሎን፣ መኝታና የልጆች ክፍል ተለያይተው ለሚገኙበት ቤት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ሲኖር የሚቻለው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን አቅጣጫ ይዩ። ልጁ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ስክሪኑ የሚያዞር ከሆነ አልጋውን ወይም ቴሌቪዥኑን ማዞር፣ ካልተቻለ በመካከል መጋረጃ መሳብ ይረዳል። ትልቁን መብራት ያጥፉ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁ ከፍ ይላልና። የጆሮ ማዳመጫ ያለው አዋቂ በዚያ ይስማ።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ምርጫ ነው። ሲያትል ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ባሏቸው ቤተሰቦች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ሙከራ ለእንዲህ ያለ ቤት ከሌሎቹ ሁሉ የቀረበ ነው። ተመራማሪዎቹ ወላጆች የቴሌቪዥን ሰዓት እንዲቀንሱ አልጠየቁም። ጠብና ግድያ ያለበትን፣ ለአዋቂ የተሠራውን ለዕድሜያቸው በሚስማማና በሚያስተምር እንዲተኩ ብቻ ረዷቸው። የልጆቹ የእንቅልፍ ችግር ቀነሰ። ልጅ ተኝቷል ብለን የምናየው የወንጀል ድራማ ወደ ጆሮው ይገባል፤ ገና ያልተኛ ከሆነም ዓይኑን ጨፍኖ ይከታተላል።

ስለ ኳስ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ጨዋታዎች በክረምታቸው የሚጀምሩት በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ሲያልቁ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በማግስቱ ትምህርት ያለበትን የ11 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር እስከዚያ ማስመሸት ፍቅር ነው፤ እንቅልፉ ግን ይጎድላል። ማጠቃለያውን ጠዋት ቁርስ ላይ ቢያይ ጎሎቹ ያው ናቸው። የፍጻሜው ጨዋታ ዕለት ልቀቁት፤ እሱ የሚውለው ቅዳሜ ነው።

የሁለት ዓመት ልጄ ያለ ካርቱን እንቅልፍ አይወስዳትም። ምን ላድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። የመኝታ ሰዓቱ ካርቱን ችግር ግን ከሰዓት ቁጥሩ ያልፋል። ማንኛውም ልጅ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይባንናል፤ ወዲያው መልሶ ይተኛል። በካርቱን መተኛት የለመደች ልጅ ግን ሌሊት ስትነቃም ያንኑ ትፈልጋለች። «ሌሊት እየተነሣች ስልክ ትጠይቃለች» የሚሉ እናቶች ችግራቸው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ቀን መንጠቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ምስሉን ትታችሁ ድምፁን ብቻ፣ ከዚያ ድምፁን በእሹሩሩ ወይም በተረት ተኩ። የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ልቅሶ ይኖራቸዋል። አያት አብራ የምትኖር ከሆነ ከዩቲዩብ የተሻለ ተረት ቤታችሁ ውስጥ አለ።

አባቱ ሳዑዲ፣ አክስቱ አሜሪካ ናቸው። የሚደውሉት ማታ ነው። የቪዲዮ ጥሪም እንደ ስክሪን ይቆጠራል?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ሲከለክል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል፤ ከሚወድ ሰው ጋር መነጋገር ነውና። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለች አክስት ከሥራ ስትወጣ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ላይ ናት። እሷ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደውል ግን እዚህ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነው። ከሳዑዲ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው፤ ሆኖም እዚያ ቤት ውስጥ የምትሠራ እናት ወይም እህት ነፃ የምትሆነው ብዙ ጊዜ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። እንዲህ ላለው ቤት በሳምንት አንድ የተወሰነ ሌሊት መምረጥ፣ በተረፉት ቀናት ድምፅና ቪዲዮ ቀርጾ መላላክ የተሻለ ነው። የእናት ጥሪ በእንቅልፍ ሰበብ ይቅር የሚል ምክር አልሰጥም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መጽሐፉም ጥያቄውም ቴሌግራም ላይ ነው። ስልክ ሳልይዝ እንዴት ላጥና?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ «ስልክህን ጣል» የሚሉ አዋቂዎች ይህን ይረሱታል። የሚያስፈልጋችሁን ፋይል በቀን አውርዱ። ማታ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ አንብቡት፤ መልእክት አይገባም፣ ጣታችሁም ወደ ሌላ አይሄድም። የስክሪኑን ንባብ አስቀድማችሁ፣ ሒሳብና ፊዚክስን በወረቀት መሥራቱን ለመጨረሻው ሰዓት አቆዩት። ለማንቂያ የምትጠቀሙት ስልኩን ከሆነ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ፤ ስልክ አልጋ ላይ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው።

ማታ ንቁ፣ ጠዋት ድንዙዝ መሆናችሁ ጥፋታችሁ ብቻ አይደለም። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ እንቅልፍ በፊት ከሚመጣበት አንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች በ2014 ለዚሁ ሲሉ የታዳጊዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር ጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ሰርቪሱ የሚጠብቅ ስላልሆነ ያላችሁ መሣሪያ የጠዋት ፀሐይ ነው። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ እንደነቃችሁ ደጅ መውጣት ይቻላል፤ ይህ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ይመልሳል።

ሌሊቱን ሙሉ ማጥናትን በተመለከተ፣ ቀን የተጠናው አንጎል ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ማታ የተጠጣ ቡናም ወዲያው አይለቅም፤ ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ከሚያነቃው ካፌይን ግማሹ ገና በደም ውስጥ ነው።

ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው የሌሊት ሁነታስ? ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር ልግዛለት?

ሁነታው ነፃ ስለሆነ ይከፈት፤ ብዙ ግን አይጠበቅበት። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ወጣት ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት በከፈቱትና ባልከፈቱት መካከል የእንቅልፍ ልዩነት አላገኘም። የመነጽሩን ገንዘብ ለጠረጴዛ ሰዓቱ ያውሉት።

ስልኩን ልወስድ ስል ጠብ ይነሣል። ከየት ልጀምር?

ከራስዎ ስልክ። ይህን የምለው ለስብከት አይደለም። እናትና አባት ብርድ ልብስ ውስጥ ፌስቡክ እያዩ የ14 ዓመት ልጃቸውን ስልክ ቢወስዱ ሕጉ የቤቱ ሳይሆን የጉልበት ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ይህን ወዲያው ይለያል።

የጉልበት ሕግ በመንግሥት ደረጃም ተሞክሯል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የኢንተርኔት ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ዘጋች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ መግባት ጀመሩ፤ ጌሙም ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ተሻገረ፤ በእንቅልፋቸው ላይ የታየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መንግሥት በ2021 ሕጉን ለመሻር ወሰነ።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ቻርጀሮቹን ሁሉ አንድ ቦታ፣ ከአልጋ ሩቅ ላይ መሰካት ነው፦ ቡፌው ላይ፣ ወጥ ቤት፣ በር አጠገብ። ሰዓቱን ከልጁ ጋር ተስማሙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ከሆነ 3 ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ እዚያ ይገባል። ከሥራ የሚደወልለትን ጥሪ የሚጠብቅ ወላጅ ካለ ምክንያቱን ለልጁ ይንገረው እንጂ ደብቆ አይያዝ። ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ማላላት ይቻላል፤ መነሻው ሰዓት ግን ከትምህርት ቀኑ በጣም ከራቀ ሰኞ ጠዋት የሚከፈለው ከባድ ነው።

መዝሙር ወይም ሬዲዮ እየሰማ ቢተኛስ?

ምስል ከሌለውና ራሱ የሚዘጋበት ሰዓት ከተሞላለት ብዙም አያሳስብም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

ስልኩ ከአልጋ ከወጣ ሳምንታት አልፈውም ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ በቂ ሰዓት ተኝቶም ክፍል ውስጥ የሚያሸልብ ከሆነ፣ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚመለስ ከሆነ ጉዳዩ የስክሪን ብቻ አይደለም። ቀድሞ ይወደው የነበረውን ሁሉ ትቶ ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ወጣትም ሌላ የሚሸሸው ነገር ሊኖረው ይችላል፤ የመንፈስ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ማጣት በኩል ይታያል። ስልኩን ከመውሰድ በፊት ማነጋገር ይቅደም። ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከውን የሜላቶኒን ክኒን ያለ ሐኪም ምክር ለልጅ አትስጡ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቫይታሚን ያለ ማዘዣ መሸጡ ለሁሉም ልጅ ተስማሚ አያደርገውም። ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁ አልጋ ላይ የወጣበትን፣ በግምት እንቅልፍ የወሰደበትን፣ ሌሊት የነቃበትንና ጠዋት የተነሣበትን ሰዓት፣ ማታ የጠጣውን ሻይ ወይም ቡና፣ ስልኩ የት እንዳደረም ጨምራችሁ በደብተር ጻፉት።